ሥዕሉ የሚያውቀውን ጽሑፉ አይንገር
የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ለማዘጋጀት ላሰቡ

ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች መጽሐፍ ለማዘጋጀት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈልገው ሠዓሊ ነው። ሠዓሊው ትንሽ ይቆይ። በአማርኛ ከሚታተሙት የልጆች መጻሕፍት ብዙዎቹ የሚያደክሙት ሥዕላቸው ስላላማረ ብቻ አይደለም። ጽሑፉ «አንበሳው ተቆጣ» ይላል፤ ከጎኑ የተቆጣ አንበሳ ተስሏል፤ ልጁ አንዱን ነገር ሁለቴ ይነገረዋል። ደህና ተደርጎ የተሠራ የሥዕል መጽሐፍ ግን ሥራውን ለሁለት ያካፍላል፦ ጽሑፉ ግማሹን ይናገራል፣ የቀረውን ሥዕሉ ይዞ ይቀመጣል።

እንግሊዛዊቷ ፓት ኸቺንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችው «ሮዚስ ዎክ» ከዳር እስከ ዳር 32 ቃላት ያሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጽሑፉ አንዲት ዶሮ ግቢ ውስጥ ተንሸራሽራ ለእራት መመለሷን ይተርካል። ሥዕሉ ላይ ደግሞ ከኋላዋ የሚያደባ ቀበሮ አለ፤ ሊይዛት በተወረወረ ቁጥር አንድ ነገር ይደርስበታል። ስለ ቀበሮው በጽሑፉ አንድም ቃል የለም። ፊደል ያልቆጠረው ልጅ አንባቢዋ እናቱ ያልተናገረችውን ያያል፤ «ኧረ ቀበሮው!» ብሎ የሚጮኸውም እሱ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ ልጁን ወደዚህ ጩኸት ለማድረስ ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ቅጂ ቤት ውስጥ ለሚሠሩም፣ ለማተሚያ ቤት ለሚያዘጋጁም ያገለግላል።

ታሪኩን ያሳንሱ

አንድ ልጅ፣ አንድ የምትፈልገው ነገር፣ አንድ ቀን ይበቃል። ለማሳያ የሚሆን ታሪክ እንያዝ። የቤዛ አያት ቡና ሊያፈሉ ነው። ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ መኖር ሲገባው አምስት ብቻ አለ። ቤዛ ስድስተኛዋን ፍለጋ ቤቱን ታምሳለች። አቦል ተጠጣ፤ ሲኒዋ የለችም። ቶና ተጠጣ፤ የለችም። በረካ ሊቀዳ ሲል ተገኘች። ቡናው ራሱ ታሪኩን ለሦስት ከፍሎ ስለሰጠን ሌላ ቅርጽ ፍለጋ አልሄድንም። በቤታችን እንዲህ ተከፋፍለው የሚጠብቁ ነገሮች ሞልተዋል፦ ሊጥ ከማቡካት እስከ ምጣድ፣ ጸጉር ከመፍታት እስከ ሹሩባ፣ ታክሲ ከመሳፈር እስከ «ወራጅ አለ»።

አሁን ጽሑፉ የማይናገረውን ይምረጡ። ሲኒዋን የወሰደችው ትንሿ ድመት ናት፤ ይህ ግን የትም አይጻፍም። መጀመሪያው ሥዕል ላይ ድመቷ ረከቦቱ አጠገብ ተጋድማለች። ቀጥሎ ከመጋረጃው ሥር ጭራዋ ብቻ ይታያል። ቤዛ መሶቡን ከፍታ አንገቷን ስታስገባ ሲኒዋ ከኋላዋ እየተንከባለለች ታልፋለች። ልጁ ይህን ለይቶ ካየ መጽሐፉ የእሱ ሆነ ማለት ነው።

ታሪኩ ሲያልቅ «ስለዚህ ልጆች፣ ዕቃችንን በቦታው እናስቀምጥ» የሚል መስመር ማከል ያሰኝዎታል። ይተዉት። አያቶች ተረት ሲያወሩ ምክሩን እንደ ሰሚው ያረዝሙትና ያሳጥሩት ነበር፤ የታተመ ምክር ግን በየማታው ያው ነው፣ ልጅም በሦስተኛው ቀን ገጹን ዘልሎ ያልፈዋል። የግድ ትምህርት ይኑረው ካሉ ቤዛ ሲኒ ስትቆጥር ልጁ እስከ ስድስት መቁጠር ይለምዳል። ይበቃል።

በእንግሊዝኛ ለዚህ ዕድሜ የሚጻፍ ከ500 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል። አማርኛ ባለቤቱንም ተሳቢውንም ግሱ ውስጥ ስለሚሸከም ከ250 እስከ 300 ቃል ከበቂ በላይ ነው። ጽሑፉን ሲጨርሱ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ከዚያ ለሌላ ሰው ሰጥተው ሲያነብብልዎ ይስሙ። ይህ መጽሐፍ ሥራ ውላ በደከማት እናት አፍ የሚነበብ ነው፤ ምላሷ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው። «ተመለከተች» ያሉትን «አየች»፣ «በመሆኑም» ያሉትን ምንም ያድርጉት። አያትዋም እንደ ጋዜጠኛ አይናገሩ፦ «ቤዚዬ፣ እስቲ ያቺን ሲኒ እዪልኝ» ነው የሚሉት።

ለ32 ገጽ ያከፋፍሉ

ማተሚያ ቤት ገጽ የሚያወጣው ትልቅ ወረቀት በሁለት ፊቱ አትሞ በማጠፍ ነው፤ ስለዚህ የገጹ ቁጥር የ8 ወይም የ16 ብዜት ሆኖ ይመጣል። የሥዕል መጻሕፍት በብዙ አገር 32 ገጽ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። 29 ገጽ ታሪክ ይዞ የሄደ ሰው ለባዶ ገጽ ይከፍላል።

አንድ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት ላይ ትንንሽ ሣጥኖች ያስምሩ። ገጽ 1 ርዕሱ ነው፤ ገጽ 2 የቅጂ መብትና የማተሚያ ቤቱ ስም። ገጽ 3 ብቻውን ይቆማል፤ ታሪኩ እዚያ ይጀምራል። ከ4 እስከ 31 ያሉት 14 ጥንድ ገጾች ይሆናሉ፤ ገጽ 32 እንደገና ብቻውን ነው። በእኛ መጽሐፍ አቦል 12 እና 13 ላይ ይቀዳል፣ ቶና 20 እና 21 ላይ፤ ሲኒዋ 28 እና 29 ላይ ትገኛለች። 30 እና 31 ላይ ስድስቱም ሲኒዎች ሞልተዋል። ገጽ 32 ጽሑፍ የለውም፦ ማግስቱ ነው፣ ድመቷ የስኳሩን ማንኪያ በአፏ ይዛ በበር ስትወጣ ይታያል።

በየሣጥኑ ውስጥ በእርሳስ እንጨት የመሰሉ ሰዎች ይሣሉ። ለማማር አይደለም፤ አራት ጥንድ ገጽ በተከታታይ ቤዛ ቆማ ብቻ የምትታይ ከሆነ አሁን ይወቁት። አንዴ ከላይ፣ ጣሪያ ላይ እንዳለ ሰው ይዩአት፤ አንዴ አልጋ ሥር ገብተው፤ አንዴ ሙሉ ገጹን ዓይኗ ብቻ ይሙላው። ሞሪስ ሴንዳክ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው «ዌር ዘ ዋይልድ ቲንግስ አር» ልጁ ማክስ ወደ አውሬዎቹ አገር ሲሄድ ሥዕሉ ከገጽ ገጽ እያደገ ነጩን ጠርዝ ይውጠዋል። ጭፈራው ሲጦፍ ሦስት ጥንድ ገጽ ያለ አንዳች ቃል ያልፋል። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ሥዕል የለም፣ ጥቂት ቃላት ብቻ። የሥዕሉ ስፋት ራሱ እየተናገረ ነው።

ዓረፍተ ነገሩን ገጽ ላይ ይስበሩት

አማርኛ እዚህ ላይ ብዙ ቋንቋ የሌለው ዕድል አለው፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሰሚው እስከ መጨረሻው ድረስ ምን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ግሱን ያስቀሩትና ገጹ ይገለጥ።

ቀኝ ገጽ ግርጌ፦ «ቤዛ አልጋው ሥር ገባች። እጇን ዘረጋች። ነጭ፣ ክብ፣ ትንሽ ነገር…»
ሲገለጥ፦ «ያዘች። ነጭ ሽንኩርት!»

ይህን መስበር ሁልጊዜ ቀኝ ገጽ ላይ ያድርጉት፤ ግራ ገጽ ላይ ከሰበሩት የልጁ ዓይን መልሱን ከፊት ለፊቱ ያገኘዋል። በየገጹም አያብዙት። ሦስት ወይም አራት ቦታ ከተሠራ ልጁ ገጹን ራሱ ለመግለጥ ከእጅዎ ይሻማል።

አቅጣጫም አይርሱ። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ቤዛ ስትፈልግ ወደ ቀኝ ትሂድ፤ ወደ አያቷ ስትመለስ ወደ ግራ። ልጁ ማንም ሳይነግረው «ተመለሰች» ይላል።

ናሙናውን በእጅዎ ይስፉ

ይህን ክፍል ዘልለው ወደ ኮምፒውተር አይሂዱ። ስክሪን ላይ ገጽ አይገለጥም።

ስምንት ኤ4 ወረቀት ይቁጠሩ። አንድ ላይ ደርበው በመሐል ይጠፏቸው፤ 32 ገጽ ያለው ደብተር ሆነ። እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ይጫኑት። ከዚያ እንደ መጽሐፍ ከፍተው እጥፋቱ ላይ ሦስት ቦታ በወስፌ ይብሱት፦ መሐል ላይ፣ ከላይ ሦስት ጣት ያህል ወረድ ብሎ፣ ከታች ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ። ተራ ስቴፕለር መሐል ድረስ ስለማይደርስ በክር መስፋቱ ይሻላል።

የክሩን ጫፍ ሳያስሩ መርፌውን ከውስጥ በመሐሉ ቀዳዳ ወደ ውጭ ያውጡ፤ ለማሰሪያ የሚሆን ክር ውስጥ ይቅር። በውጭ በኩል ወደ ላይኛው ቀዳዳ ሄደው ወደ ውስጥ ያስገቡ። በውስጥ በኩል መሐሉን ዘልለው እስከ ታችኛው ይውረዱና ወደ ውጭ ያውጡ። ከዚያ በመሐሉ ቀዳዳ ተመልሰው ወደ ውስጥ ይግቡ። አሁን ሁለቱ ጫፎች ረጅሙን ክር ከግራና ከቀኝ አቅፈው ይዘውታል፤ በላዩ ላይ ሁለቴ ያስሩ፣ ትርፉን ይቁረጡ።

ጽሑፉን በወረቀት ቆራርጠው በየገጹ በቀላሉ በሚለቅ ሙጫ ይለጥፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቦታ መቀየሩ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚታየው ነገር መጀመሪያው መንዛዛቱ ነው፤ ሲኒዋ መጥፋቷ ገጽ 9 ላይ ከሆነ የሚታወቀው ልጁ ተነሥቶ ሄዷል።

ሥዕሉ

አሁን ሠዓሊውን ይጥሩ፤ የተለጠፈበትን ናሙና ይዘው። ከእሱ ጋር ሲነጋገሩ «ቤዛ ቀይ ቀሚስ ለብሳ በግራ በኩል ቆማ» እያሉ አያሽከርክሩት። ድመቷ በየገጹ እንድትኖር፣ ሲኒዋ የት የት እንደምትታይ ይንገሩት፤ የቀረውን ለእሱ ይተዉ። ጎበዝ ሠዓሊ እርስዎ ያላሰቡትን ሦስተኛ ታሪክ ያመጣል፦ ምናልባት ጎረቤትየዋ ፈንዲሻውን በየገጹ እየጨረሱ ነው።

ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የቤዛን፣ የአያትየዋንና የድመቷን መልክ በአንድ ወረቀት ላይ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ይሣል። ያለዚህ ወረቀት ቤዛ ገጽ 5 ላይ አራት ዓመቷ፣ ገጽ 25 ላይ አሥር ዓመቷ ትሆናለች።

ዕቃው እውነት ይሁን። ጀበናው የሚቀዳበት አፍንጫ ያለው ነው ወይስ በአንገቱ የሚቀዳ? ማቶቱስ? ውታፉስ? ቡና በየቀኑ የሚያይ ልጅ ስህተቱን ከእርስዎ ቀድሞ ያገኘዋል። በሌላ በኩል የአገራችን ልጅ ሁሉ ጎጆ ቤት የሚኖር፣ በዓል ባልሆነ ቀን ጥልፍ የሚለብስ አያስመስሉት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምታድግ ልጅ የኮሪደሩን የተሰጣ ልብስና የሦስተኛ ፎቁን ደረጃ መጽሐፍ ውስጥ ብታይ ደስ ይላታል፤ ረከቦቱም እዚያው ቤት ውስጥ አለ።

መሣል የማይችሉና ለሠዓሊ ለመክፈል አቅሙ የሌላቸው ቆርጦ መለጠፍን ይሞክሩ። ኤዝራ ጃክ ኪትስ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣውን «ዘ ስኖዊ ዴይ» በአብዛኛው የሠራው ወረቀትና ጨርቅ እየቆረጠ በመለጠፍ ነው። ኤሪክ ካርልም ስስ ወረቀት ራሱ ቀለም እየቀባ፣ እየቆረጠ ነበር የሚያጣብቀው። የቡና ከረጢት፣ የነጠላ ቁራጭ፣ የድሮ ጋዜጣ ሁሉ ይሆናል።

ከሠዓሊው ጋር ውል ይጻፉ፣ ወንድምዎም ቢሆን። ዋናው ሥዕል የማን ነው? ክፍያው አንድ ጊዜ ነው ወይስ ከሽያጭ? ሁለተኛ እትም ሲታተምስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሠዓሊውንም እንደ ጸሐፊው የሥራው ባለመብት ያደርገዋል። ስሙም ሽፋኑ ላይ ይውጣ፤ በውስጥ ገጽ በጉንዳን ፊደል «ሥዕል፦ እገሌ» ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

ፊደሉ

ከ18 ነጥብ በታች አይውረዱ፤ 22 ወይም 24 ቢሆን ይሻላል። «በ» እና «ቡ»፣ «ለ» እና «ሉ» የሚለዩት በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ፊደል መለየት የጀመረ ልጅ ያቺን ቅጥያ ማየት አለበት። ጌጠኛ ፎንት ለርዕሱ ብቻ ይሁን። ጽሑፍ የሚያርፍበትን ቦታ ሠዓሊው ከመጀመሪያው ባዶ ይተው፤ በተጠላለፈ ቅጠል ላይ ነጭ ፊደል ማሳረፍ ሁለቱንም ያበላሻል። መስመሩን ትንፋሽ በሚወሰድበት ይቁረጡ እንጂ ቦታ ባለቀበት አይቁረጡ። «ጸሐይ» ካሉ እስከ መጨረሻ «ጸሐይ»፤ መሐል ላይ «ፀሀይ» አይሁን።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል። በዩኒኮድ ይጻፉ፣ ፎንቱንም ፒዲኤፉ ውስጥ ያካቱት።

በሁለት ቋንቋ ከሆነ

ውጭ አገር ላሉ ልጆች የሚሠራ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቋንቋ ይይዛል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳሉ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሰጡት የአማርኛ መጽሐፍ ቢያጡ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ባለቀለም አድርገው አሳተሙ። ከሌሎች ጋር የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ከፈተ። ባለ ሁለት ቋንቋ ሲያዘጋጁ አማርኛው ከላይ፣ በትልቁ ይሁን። እንግሊዝኛው ትልቅ ከሆነ ልጁ ወደሚቀለው ይሄዳል፣ ወላጁም አብሮ። የገጹን መስበር በሁለቱም ቋንቋ አንድ ቦታ ለማድረግ አይታገሉ፤ የእንግሊዝኛው ግስ ቀድሞ ስለሚመጣ እዚያ ሌላ ቃል ያስቀሩ።

እስራኤል ላሉ ቤተሰቦች ከዕብራይስጥ ጋር ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ መጽሐፉም የሚከፈተው በተቃራኒው ነው፤ የቤዛ አካሄድና የገጽ መስበሩ ሁሉ ይገለበጣል። አንዱን አቅጣጫ ከመጀመሪያው ይምረጡ፤ ሁለቱን ለማስታረቅ ሲባል የተሠራ መጽሐፍ በሁለቱም በኩል ያነክሳል።

ልጆች ፊት ያንብቡት

ናሙናውን የእርስዎ ልጆች ላልሆኑ ልጆች ያንብቡ። «ወደዳችሁት?» ብለው አይጠይቁ፤ በእኛ አስተዳደግ ልጅ ለትልቅ ሰው «አዎ» ነው የሚለው። ጣታቸውን ይዩ። ድመቷን ስንተኛው ገጽ ላይ አገኟት? ገጽ 5 ላይ ሁሉም ካዩዋት ሥዕሉ በጣም ገልጧታል፤ እስከ ገጽ 20 ማንም ካላያት ተደብቃለች። የት ላይ ወደ በሩ አዩ? ያ ገጽ ይቆረጥ። «ድገሚው» ከተባለ ጥሩ ነው፤ ሳይባል ቀርቶ መጽሐፉን ከእጅዎ ወስደው ወደ ኋላ ድመት ፍለጋ ከገለጡ ግን ከዚያም ይበልጣል።

ማተሚያ ቤት

ገንዘብዎን በሙሉ በመጀመሪያው እትም ላይ አያውሉ። ቢያትሪክስ ፖተር «ፒተር ራቢት»ን መጀመሪያ የጻፈችው እ.ኤ.አ. በ1893 ለታመመ ልጅ በላከችው ባለ ሥዕል ደብዳቤ ነው። አሳታሚዎች ሲመልሱባት በ1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ ብቻ አሳተመች፤ በማግሥቱ ዓመት የፍሬድሪክ ዋርን ድርጅት ባለቀለም አድርጎ አወጣው። ለጥቂት ቅጂ ዲጂታል ሕትመት ይበቃል። ኦፍሴት ለፕሌት የሚወጣው ወጪ ብዙ ስለሆነ የሚያዋጣው ቁጥሩ ሲበዛ ነው።

ፋይሉን 300 ዲፒአይ አድርገው፣ ቀለሙን ወደ ሲኤምዋይኬ ቀይረው፣ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ለመቁረጫ ትርፍ ትተው ያስረክቡ። ስክሪን ላይ የሚያበራው ብርቱካናማና ደማቅ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ደብዘዝ ይላል፤ ይህን ሠዓሊው አስቀድሞ ይወቅ። ፊትና ጽሑፍ መሐል እጥፋቱ ላይ አይዋል። ለውስጡ ከ130 እስከ 150 ግራም የማያንጸባርቅ አርት ፔፐር፣ ለሽፋኑ ከ250 ግራም የማያንስ ላሚኔት የተደረገ ይዘዙ። ስፌቱ መሐል ላይ በሽቦ ይሁን፤ እንዲህ ስስ መጽሐፍ በሙጫ ከተለጠፈ ልጅ ጎተት ሲያደርገው ይበተናል። ማዕዘኑን ክብ አድርገው ይቁረጡልዎ።

ቀዳዳ፣ ተገላጭ በር፣ የተለያየ ስፋት ያለው ገጽ የሚፈልጉ ከሆነ ከመሣልዎ በፊት ማተሚያ ቤቱ መሥራት መቻሉን ይጠይቁ። የኤሪክ ካርል «ዘ ቬሪ ሃንግሪ ካተርፒላር» እ.ኤ.አ. በ1969 ሲወጣ በቀዳዳዎቹና በሚለያዩት ገጾቹ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ በሚያዋጣ ዋጋ የሚያትመው ጠፍቶ ጃፓን ነው የታተመው።

አይኤስቢኤን ከወመዘክር (ከብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ያስወጡ፤ ለሱቆችና ለቤተ መጻሕፍት ሲያቀርቡ ይጠየቃሉ። ሙሉው እትም ከመጀመሩ በፊት በትክክለኛው ወረቀት የታተመ አንድ ፕሩፍ ይጠይቁ፤ በስልክ የሚላክ ፎቶ ፕሩፍ አይደለም። ፕሩፉን ይዘው ገጾቹን ሁሉ አንድ በአንድ ይግለጡ፤ ድመቷን ይቁጠሩ። ገጾቹ ተራቸውን ስተው ከታጠፉ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ከዚያ ፈርመው ይመልሱ።